የጥርስ ሠሪው ሁለት ደመወዝ

ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ጥርሴ» ይለው ነበር። ጥርስ አይነቅልም፣ የተቦረቦረም አይሞላም፤ እሱ የሚሠራው ጥርስ ላለቀባቸው ሰዎች ነው። ሐኪሙ የታካሚውን የድድ ልክ ወስዶ ይልክለታል። እሱ ጀሶ ያፈስበታል፣ በሰም ይቀርጻል፣ ቀለሙን ከቀሩት ጥርሶች ጋር ያመሳስላል፣ ሞርዶና አለስልሶ በትንሽ ሣጥን መልሶ ይልካል። አፉ ውስጥ የሚያደርገውን ሰው ግን አያየውም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሲስቁ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ጥርስ ሲሠራ ኖሯል።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሚስቱ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት ተዘጋ። የሸሚዝ ኮሌታ ነበር የምትሰፋው፤ በቀን ሁለት መቶ ኮሌታ። በዚያው ሰሞን አባቷ የተከራዩት ቤት ተሸጠባቸውና አልጋቸውን፣ ከአልጋው ጋር ሁለት ሣጥን ሙሉ ወረቀታቸውን አስጭነው እነሱ ዘንድ ገቡ። ሁለቱ ልጆች ገና ትምህርት ቤት ናቸው። ለአምስት አፍ የተረፈው አንድ ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅ ጀመር። ስለዚህ የእጁን ሥራ የሚያውቅ አንድ የግል ጥርስ ሐኪም ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ እየመጣ እንዲሠራለት ሲጠይቀው፣ ጥርሴ እሺ ለማለት አላቅማማም። የሆስፒታሉ ክፍል ኃላፊም «ጠዋትህን እንዳታጎድል እንጂ ከሰዓትህ የራስህ ነው» ብሎ በቃሉ ፈቀደለት።

ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ይገባል፤ እኩለ ቀን ላይ ይወጣና ዳቦውን አውቶቡስ ውስጥ እየገመጠ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። በወር መጨረሻ ሁለት የደመወዝ ወረቀት ይደርሰዋል። በሁለቱም ላይ «ግብር» የሚል መስመር አለ፤ ከሁለቱም ተቀንሷል። «በአንድ ራስ ሁለት ጊዜ ተላጨሁ» እያለ ይቀልድበት ነበር እንጂ ከልቡ ቅር ብሎት አያውቅም። ከክሊኒኩ ደመወዝ ላይ ሚስቱ በየወሩ እየቆነጠረች ባንክ ታስገባለች፤ ቤቷ ሆና ሥራ የምትጀምርበት ትልቅ የስፌት መኪና ልትገዛ ነው። ሊሞላላት ሦስት ወር ሲቀራት ደብዳቤው መጣ።

ደብዳቤውን የተቀበሉት የሚስቱ አባት ናቸው። ሽማግሌው አርባ ዓመት በንብረት ክፍል ኃላፊነት ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ አንዲት ብሎን ሳትጎድል ያስረከቡ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሳይናገሩት አያልፉም። ጥርሴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆመው ጠበቁትና ፖስታውን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አቀበሉት። ማኅተሙን አይተውታል።

«መንግሥት ለናፍቆት አይጽፍም» አሉት።

ጥርሴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። ባለፈው ዓመት ከሁለት አሠሪዎች ያገኘው ገቢ ተደምሮ ሲታይ የተከፈለው ግብር አንሷል ይላል። ልዩነቱን ከነቅጣቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዛል። ልዩነቱ ክሊኒኩ በሁለት ወር የሚከፍለውን ያህላል፤ ቅጣቱ የሌላ ግማሽ ወር ነው። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ሚስቱ ምንድነው ብላ ጠየቀችው። ለሁሉም ሠራተኛ የተበተነ ማስታወቂያ ነው አላት። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት፣ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ጋዜጣቸው መለሱ።

የሚያንገበግበው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። በዕድሜው የሰው ቁልፍ ወድቆ ቢያገኝ እንኳ ባለቤቱን ሲያፈላልግ የሚውል ሰው ነው፤ አሁን በስሙ ላይ «ያልከፈለ» የሚል ቃል በመንግሥት ወረቀት ተጽፏል። ይህን ቃል አንድ ብሎን ሳያጎድሉ ያስረከቡ ሰው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ በኪሱ ይዞ መዞር ከበደው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ሆስፒታሉ ደመወዝ ክፍል ነው። ሠራተኛዋ መዝገቡን ገልጣ በየወሩ የተቀነሰውን በጣቷ እየተከተለች አሳየችው። አንድም ስሕተት የለበትም። ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩን ሒሳብ ሠራተኛ ጠየቃት፤ እሷም አሳየችው፣ እሷም ልክ ናት። ሁለቱም ልክ ከሆኑ የተሳሳተው ግብር መሥሪያ ቤቱ ነው ብሎ ደመደመ። በሦስተኛው ቀን አስፈቅዶ፣ ደህና ኮቱን ለብሶ፣ የሚናገረውን አውቶቡስ ውስጥ እያጠና ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቶ ጸሎት መስሎት ዝም አለለት።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወንበሮቹ አራት አራት ሆነው በብረት ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲነሳ ሦስቱ ይንቀጠቀጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው እስክሪቢቶ በሲባጎ ታስሯል። ቁጥሩ ሲጠራ ሦስተኛው መስኮት ጋ ቀረበ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወይዘሮ ናቸው። ሲናገሩ ግራ እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል።

ጥርሴ አውቶቡስ ውስጥ ያጠናው ሁሉ ጠፋበትና የቀረችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ። «ሁለት ቦታ ከፍያለሁ። ሦስተኛ ልታስከፍሉኝ ነው?»

ወይዘሮዋ አልተቆጡም። ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰሙት ከፊታቸው ያስታውቃል። ባዶ ወረቀት ሳቡና ደረጃ ሣሉ፤ ሕፃን እንደሚሥለው ያለ ደረጃ። ከዚያ በእርሳስ ጫፍ ከታች ወደ ላይ እየወጡ አስረዱት። የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ግብር የለም፤ ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው መተንፈሻ ብሎ የተዋት ናት። ሁለተኛዋ ላይ ከተቀመጠው ገንዘብ ከመቶ አሥር ይወሰዳል፤ ሦስተኛዋ ላይ ካለው ከመቶ ሃያ፤ እንዲህ እያለ ይወጣል። ከፍ ባሉ ቁጥር የሚከብደው በላይኛው ደረጃ ላይ ባለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ የታችኞቹ እንደነበሩ ናቸው። ሆስፒታሉ ደመወዙን ከምድር አንስቶ እስከ ሦስተኛዋ ደረጃ አወጣው። ልክ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ሌላ ሥራ እንዳለው የነገረው ስለሌለ የራሱን ደመወዝ እንደገና ከምድር ጀመረ።

«ሁለቱም አሠሪዎችዎ ከኔ በቀር ማንም የለውም ብለው ነው የሚያስቡት፤ ሁለት ቤት እንዳለው ባል» አሉ ወይዘሮዋ፣ ሳይስቁ። «እርስዎ ግን አንድ ሰው ነዎት። ነጻዋ ደረጃ ለአንድ ሰው አንዴ ናት። የክሊኒኩ ደመወዝ መጀመር የነበረበት የሆስፒታሉ ካቆመበት ነው።»

ጥርሴ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። ነገሩ የገባው በራሱ ሥራ በኩል ነው። የላይኛውን መንጋጋ አንድ ሰው፣ የታችኛውን ሌላ ሰው ሳይነጋገሩ ቢሠሩት ሁለቱም ለየብቻቸው የተዋጣላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አፍ ውስጥ ሲገቡ ግን አይገጥሙም። ማንም አላጠፋም፤ ታካሚው ግን ማኘክ አይችልም። ይዞት የመጣው ቁጣ እንደተነፈሰ ጎማ ሆነ። ታዲያ ይህን የሚነግረኝ ሰው እንዴት ይጠፋል ብሎ በቀስታ ጠየቀ።

ወይዘሮዋ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ቅጽ አወጡ። ክሊኒኩ ሲቀጥረው የተሞላ ነው። መሃሉ ላይ «ሌላ አሠሪ አለዎት?» የሚል መስመር አለ። መስመሩ ባዶ ነው።

«ይህን ባዶ የተወው ማነው?» አሉት። «የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች ቅጣቱ ወደ ክሊኒኩ ይዞራል። እርስዎ ከሆኑ የእርስዎ ነው።»

ቅጹን የሞላበት ቀን ትዝ አለው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቶሎ ቶሎ እያለችው ነበር። እስክሪቢቶውን ይዞ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሆስፒታሉን ስም ቢጽፍ ወሬው ሄዶ ኃላፊው በቃሉ የሰጠውን ፈቃድ ቢያነሳበትስ? ነገር ለምን እጭራለሁ ብሎ አለፈው። እሷም ቅጹን ሳታየው ተቀበለችው። አሁን «እሷ ናት» ቢል ማን ይይዘዋል? ክሊኒኩ ለሐኪሙ የአንድ ቀን ገቢ የማይሞላ ቅጣት ይከፍላል፤ ልጅቷ ትቆጣ ይሆናል፣ ያልፋል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውርደው አዩት፤ ከዚያ ያለውን ጻፉ። ድምፃቸው ትንሽ ለሰለሰ። ግብሩ ራሱ አይቀርም፤ ቅጣቱ ግን ሆን ተብሎ ያልተደረገ መሆኑ ከታመነበት ሊነሳ ይችላል፣ በጽሑፍ ያመልክቱ አሉት። ግብሩንም በስድስት ወር ከፋፍሎ መክፈል እንደሚቻል ነገሩት። ከእንግዲህ ደግሞ ዋናው አሠሪ ሆስፒታሉ መሆኑን ለክሊኒኩ በወረቀት ካሳወቀ፣ ክሊኒኩ ከላይ ካለው ደረጃ ጀምሮ ስለሚቀንስ ዓመቱ ሲያልቅ ዱብ ዕዳ አይመጣበትም።

ጥርሴ አመሰገናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጆሮው የያዘው ነገር ነበር፤ «ሰ» ባሉ ቁጥር ቀጭን ፉጨት፣ ከፉጨቱ በኋላ ቀጭ የምትል ድምፅ። የላይኛው ተነቃይ ጥርስ ነው፣ በግራ በኩል ድዱ ሸሽቶታል፤ ከተሠራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እጃቸው ወደ አፋቸው የሚሄደው ለዚህ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበት ነገር ከአንደበቱ አምልጦ ወጣ። የላይኛው ጥርስዎ ላልቷል፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ይምጡና እኔ አስተካክልልዎታለሁ አላቸው።

የወይዘሮዋ እጅ አፋቸው ላይ ቀረ። ፊታቸው ቀላ፤ ቀጥሎም እንደ ግድግዳ ሆነ።

«ፋይልዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አሉ። «ማመልከቻውን ሲጨርሱ አራተኛው መስኮት ያስገቡ። ቀጣይ።»

ደጅ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ጉቦ ነው ያቀረበው፤ ባያስበውም ጉቦ ነው። ደግሞም አንዲት ሴት ከዓለም ሁሉ የምትደብቀውን ነገር ተራ በሚጠብቅ ሰው ፊት ገልጦታል። እስከ ሰፈሩ ድረስ በእግሩ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ልጆቹ አልገቡም። ሚስቱ የጎረቤት ሱሪ እያሳጠረች ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ ሁሉንም ነገራት። አሳየኝ ስትለው ፖስታው ጀርባ ላይ ደረጃውን ሣለላት። በሰፋችው ኮሌታ ቁጥር እየተከፈላት የኖረች ሴት ናትና እሱ ግማሽ ቀን የፈጀበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እንግዲያው የቀሙን ነገር የለም አለች፤ በየወሩ መሄድ የነበረበት ነው እኛ ዘንድ የቆየው፣ እኛ ደግሞ የኛ መስሎን ባንክ አስገባነው። ጥርሴ እፎይ ሊል ሲል ቀና ብላ አየችው።

«ገንዘቡስ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያ ነው ያልከኝ ለምንድነው?»

መኪናሽን እንዳላሳጣሽ ፈርቼ ነው ሊላት ፈለገ፤ ግን እሱም ሙሉው እውነት አልነበረም። አፍሬ ነው አላት። ሱሪውን ወደ መስፋት ተመለሰች። እስኪመሽ ድረስ ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር አላናገረችውም። ከእራት በኋላ የባንክ ደብተሯን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ፊት አስቀመጠችው። ጥርሴ ያን ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሽማግሌው ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ቤቷ እንደሆነች ሁለት ክፍል ናት፤ ባይፈልጉም ይሰማሉ። ከሣጥናቸው አንዱን ይዘው ወጡና ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳጡ የተናገሩት ያኔ ነው። ፖስታውን ካዩ ጀምሮ አማቻቸው የሰው ገንዘብ ነክቷል ብለው ፈርተው ነበር፤ ልጄን ባሌ ታሰረ ስትል ልሰማ ነው ብለው ነበር። «ይኼ ነው እንዴ?» አሉ፤ የተናደዱም፣ የተደሰቱም ይመስላሉ። «ማመልከቻ ለመጻፍ እኔ አለሁ።»

ሣጥኑ ውስጥ አርባ ዓመት የጻፏቸው ደብዳቤዎች ቅጂ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን አስተካክለው ጀመሩ። ሦስት መስመር የፈጀ ሰላምታ ጻፉ። ቀጥለው ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ «በሥራ መደራረብ ምክንያት መስመሩ ሳይሞላ ቀርቶ» ብለው አነበቡለት፤ ደስ ብሏቸዋል።

ጥርሴ ራሱን ነቀነቀ። «በሥራ መደራረብ አይደለም። እኔ ነኝ ሳልሞላ የተውኩት።»

ሽማግሌው እስክሪቢቶውን አስቀመጡ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲህ አይጻፍም አሉት። ንብረት «ይጎድላል» እንጂ «አጎደልኩ» አይባልም፤ ሰነድ «ይጠፋል» እንጂ «ጣልኩ» የሚል ሰው እሳቸው በአርባ ዓመት አላዩም። ሰው በገዛ እጁ አንገቱን ገመድ ውስጥ አያስገባም። ጥርሴ ወይዘሮዋ ፊት «እኔ ነኝ» ማለቱን፣ አሁን ወረቀቱ ሌላ ቢል ሁለት ምላስ እንደሚሆንበት ነገራቸው። ክርክሩ ረዘም አለ። ሚስቱ ከወዲያ ሆና፣ ከኩርፊያዋ ሳትወርድ፣ «አባባ፣ እንዳለው ይጻፉለት» አለች። ሽማግሌው ወረቀቱን ቀደው ሌላ ጀመሩ። «ሌላ አሠሪ አለዎት ለሚለው ጥያቄ፣ ፈቃዴ እንዳይነሳብኝ ሰግቼ መልስ ሳልሰጥ የተውኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ምክንያት ግብር እንደሚያንስ ግን አላወቅሁም።» ጽፈው ሲጨርሱ ለራሳቸው ደግመው አነበቡት። ሰላምታውን ግን አንዲት ቃል አልቀንስም ብለው ሦስቱም መስመር ሄደ።

በማግሥቱ ጥርሴ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ነገሩን ሁሉ ነገረው። ኃላፊው የከሰዓቱን ፈቃድ በጽሑፍ ሰጠው፤ ለመጻፍ የፈጀበት አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጥርሴ ዓመት ከመንፈቅ የፈራው ነገር አሥር ደቂቃ መሆኑ ከቅጣቱ ይልቅ ቆረቆረው።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ተጠርቶ ሲሄድ ያው ሦስተኛው መስኮት ሆነበት። ወይዘሮዋ ቀና ሳይሉ ወረቀቱን አቀበሉት፤ ቅጣቱ ተነስቷል፣ ግብሩ በስድስት ወር ይከፈላል። ፈረመ። ያለፈው ጊዜ የተናገርኩት ስለ ፋይሉ ብዬ አልነበረም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አላቸው። ማኅተሙን መቱ፣ ፋይሉን ዘግተው ወደ ጎን ገፉትና፣ ከዚህ በኋላ ጉዳይዎ የሚታየው በክፍያ ክፍል ነው፣ ከኔ ጋር ጨርሰዋል አሉ። ሊነሳ ሲል እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ያ ክሊኒክ» አሉ ዝቅ አድርገው፣ «ደረሰኝ ይሰጣል?»

«ይሰጣል» አላቸው።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሙሉ ዋጋውን ከፈሉ፣ ደረሰኛቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሐኪሙ አዲስ ልክ ወስዶ ጥርሱን ለጥርሴ ላከለት። ያንን የላላ ጥርስ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያገላብጠው የማን እንደሆነ ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። በግራ በኩል አዲስ ድድ ሞላለት፣ ላንቃው ላይ ያለውን ጠርዝ አሳሳው፣ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጊዜ አለሰለሰው። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ና እይ ሲለው ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። ወይዘሮዋ ወንበሩ ላይ ሆነው አፋቸውን ዘግተው ቆዩ። ከዚያ «ሰባት» አሉ። «ሰባ ሰባት። ሰባት መቶ ሰባ ሰባት።» አላፏጨም፣ ቀጭ አላለም። ሁለቱም እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ሳቅ አላሉም፤ ጥርሴን ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት፤ እሱም አጸፋውን መልሶ ወደ ክፍሉ ገባ። ጀሶው ደርቆበት ነበር፣ እንደ አዲስ በጠበጠ።

ስድስቱ ወር ቀላል አልነበረም። ክሊኒኩ አሁን ከላይኛው ደረጃ ጀምሮ ስለሚቀንስ የሚደርሰው አነሰ፤ በዚያ ላይ የወሩ ክፍያ አለ። መኪናው ከታሰበው ሰባት ወር ዘግይቶ፣ ያውም አሮጌ ተገዛ። ሚስቱ ግን ገና ዘይት ሳትቀባው ሥራ ይዛ ነበር፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማንያ። ያን ጊዜ ሁለቱም ተቀምጠው ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ሥራ ግብሩ፣ አውቶቡሱና ዳቦው ሲወጣለት በእጃቸው የሚቀረውን አሰሉ። ክሊኒኩ ሦስት ቀን ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የእሷን ገቢ የት እንደሚያስመዘግቡ የጠየቁት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው፤ ማንም ሳይልካቸው ሄደው፣ ቅጹን ይዘው መጡ።

ጥርሴ ነጻ በሆነበት የመጀመሪያው ከሰዓት ሆስፒታል ወጥቶ የሚሄድበት ጠፋው። እግሩ ወደ አውቶቡሱ ሊወስደው ሲል መለሰውና ልጆቹ ትምህርት ቤት በር ላይ ሄዶ ቆመ። ዘበኛው አያውቀውምና ማንን ፈልገህ ነው አለው። ልጆቹ ሲወጡ ትልቁ አይቶት ጓደኞቹ ፊት እንዳፈረ ሆነ። ትንሿ ግን እየሮጠች መጥታ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ፊቱን መረመረችው፣ ኮቱን አየችው፣ ባዶ እጁን አየችው።

«ከሥራ አባረሩህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«አላባረሩኝም» አላት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብሎ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። ብዙም አላመነችውም መሰለኝ፤ እስከ ቤት ድረስ እጁን ይዛ እየሄደች በየመሃሉ ቀና እያለች ታየው ነበር።